ጳጉሜን ፍለጋ ባሕሪ ድረስ

ካርቱም ደርሼ የመጣሁት ለአንድ ቁጥር ብዬ ነው ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። ወንድሜማ «ሰው ሱዳን ለእንጀራ ይሄዳል፣ አንቺ ይቅርታ ለመጠየቅ» እያለ እስከ ዛሬ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እኔ ግን ያየሁትን ላላዩት ልጻፈው፤ ጎንደር ተቀምጦ ሱዳንን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ብዙ ነውና።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ላስረዳ። ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ፣ ማንም ሳይከፍለኝ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በጋራ በሚሠሩት አንድ የክፍት ሶፍትዌር መገንቢያ ውስጥ አገለግላለሁ። እዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የአሠራር ፋይል አለው፤ ምንጩ ከየት እንደሚመጣ፣ ቀድሞ ምን መኖር እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚገጣጠም ይጻፍበታል። ማሽኑ ያንን አንብቦ ፕሮግራሙን ከባዶ ይገነባዋል። ተገንብቶ የታሸገውን ፓኬጅ እንለዋለን፤ የሚጠብቀውንና የሚያድሰውን ሰው ደግሞ ባለአደራ። ባለአደራው እድሳቱን ይልካል፣ እኔ አይቼ አጸድቃለሁ ወይም እመልሳለሁ። መመለስ ይቀናኛል፤ አልዋሽም።

ከባለአደራዎቹ አንዱ «አቡ ሳራ» የሚባል የካርቱም ሰው ነበር፤ የግዕዝ ፊደል መጻፊያውን ፓኬጅ የሚጠብቅ። ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተጻጽፈናል። ከስሙ ተነስቼ ሱዳናዊ ነው፣ ለሐበሻ ደንበኞቹ ብሎ የያዘው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ የምፈርመው «ኤም» ብዬ ስለነበረ እሱም ፈረንጅ አደረገኝ። አንድ ቀን አዲስ እትም ላከ፤ ቁጥሩ 2007.13.1 ይላል። የነበረው እትም ቁጥር ደግሞ ማዕከላችን በፈረንጅ አቆጣጠር የሰጠው፣ በ2014 የሚጀምር ነው። ማሽኑ «ይህማ ካለን ያረጀ ነው» ብሎ ገፋው። እኔም ከማሽኑ ብሼ፣ «እባክህ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ተመልከት፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባልም ነገር የለም» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ዓመት ሊሞላው ሲል የሚሰረዙ ፓኬጆች ዝርዝር መጣ። ባለአደራው ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ፓኬጅ ከሥርዓቱ ይወጣል፤ የግዕዙም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። የዝርዝሩ መዝጊያ ቀን በእኛ ስንት ላይ ይውላል ብዬ ስቆጥር «ጳጉሜ ሁለት» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ፤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ጳጉሜ! ዐሥራ ሦስተኛው ወር። ሰውየው የላከው በእኛ አቆጣጠር በ2007፣ ጳጉሜ አንድ ቀን ነበር። ጎንደር ተወልጄ፣ በሩፋኤል ዝናብ ራቁቴን ስቦርቅ ያደግሁ ሰው «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብዬ ጻፍኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት የይቅርታ ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። ያለ ባለአደራው ፊርማ ደግሞ ፓኬጁን ማንም አይነካውም። በፋይሉ ላይ ያለው አድራሻ «ባሕሪ፣ የኮምፒዩተር ጥገና» የሚል ብቻ ነው፤ ባሕሪ ከወንዙ ማዶ ያለው የካርቱም ክፍል ነው። ቪዛዬን አወጣሁና ተነሳሁ።

ማክሰኞ ጎንደርን በዝናብ ለቀቅሁ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሸኸዲ ላይ ካልሲዬን፤ መተማ ዮሐንስ ስንገባ የሚወልቅ ነገር አልቆብኝ ነበር። እኛ ዘንድ ነሐሴ ጋቢ ነው፣ መተማ ላይ ነሐሴ ላብ ነው። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት አልጋዬን ከክፍሉ አስወጥታ ግቢው መሀል አዘረጋችልኝ፤ እዚህ ሰው በዚህ ወበቅ ውስጥ አይተኛም፣ ዝናብ ከመጣ እቀሰቅስሻለሁ አለችኝ። ፓስፖርቴን ደረቴ ላይ አስሬ ተኛሁ። ሲነጋ ዙሪያዬን የእንግዳው ሁሉ አልጋ ተደርድሮ ሳይ ለቅሶ ቤት ያደርኩ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ትንሿን ድልድይ ተሻግሬ ገላባት ገባሁ። ወረቀቴን የሚያይልኝ ሹም ቁርስ ላይ ነበር። እኛ አገር ቢሆን «ውጭ ጠብቂ» ነው መልሱ። እሱ ወንበር ሳበልኝና ከፉሉ ቆርሶ ሰጠኝ፤ በልተን ስንጨርስ ወረቀቴን አየ፣ መታ፣ ሸኘኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ እንዳስረዳው አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝስ ምን እለው ነበር?

ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ ነጭ ቶብ የተከናነቡ አንዲት ትልቅ ሐጃ ተቀመጡ። መንገድ እንደጀመርን ወደ እኔ ዞር ብለው «ሞያ?» አሉኝ። አማርኛ ያውቃሉ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ኮምፒዩተር» አልኳቸው። ቅንድባቸው ተነሳ። «ሞያ፣ ሞያ» ብለው ደገሙ። እኔም እንዲገባቸው ብዬ «ኮምፒዩተር፣ ኮምፒዩተር» እያልኩ በጣቶቼ ጉልበቴ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ የመተማ ነጋዴ እንባው እስኪወርድ ስቆ ሲያበቃ፣ ሐጃዋ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ እያሉኝ መሆኑን ነገረኝ፤ ለካ ሞያ በእነሱ ውሃ ነው። ለሌላው ተሳፋሪም በአረብኛ ተረጎመለትና አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እስከ ገዳሪፍ ስሜ ኮምፒዩተር ሆኖ ቀረ። «ኮምፒዩተር፣ ቴምር ብይ፤ ኮምፒዩተር፣ መስኮቱን ዝጊ።» እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ አልሳቀም። የሰውን ቃል በራስ ቋንቋ ሰምቶ መፍረድ ይኸው ነው። አቡ ሳራን ያደረግሁትም ይህንኑ ነው።

ገዳሪፍ ስንወርድ ለሐጃዋ በእጅ ምልክት የማድርበት ሆቴል ጠየቅኋቸው። እንደ ስድብ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቀው ቀድመውኝ ሄዱ። ያደርኩት እሳቸው ቤት፣ በገመድ አልጋ ላይ ነው። እራት ኪስራ በላን። ኪስራ የእንጀራችን የአጎት ልጅ ነው፣ ግን ስስነቱ ሌላ ነው፤ በብርሃን ብታዩት ማዶ ያለውን ሰው ያሳያል። እጄን ሳነሳ ሐጃዋ ይቆጡኛል፣ በእጃቸው ያጎርሱኛል፤ ጉርሻ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ወደ ካርቱም። ስለ መንገዱ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ምድሩ ሜዳ ነው፣ ከዚያም ሜዳ ነው። ጎንደሬ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ያኔ ገባኝ፤ የሆነ ነገር የረሳሁ እየመሰለኝ ኪሴን እዳብስ ነበር። ለምሳ የቆምንበት ቦታ ሒሳብ ልከፍል ስል ተከፍሏል አሉኝ። ማን እንደከፈለ ብጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። አገሬ ላይ ሰው ሲጋብዝ ጨብጦ፣ ተማምሎ፣ ከከፋዩ ጋር ታግሎ ነው፤ እዚያ ግን ጋባዡ ተደብቆ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ዐረቢ በሚሉት ገበያ ዘይነባ ተቀበለችኝ። የጎረቤቴ የአክስት ልጅ ናት፣ የወሎ ልጅ፤ ካርቱም ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች። ቁመቷ አጭር፣ እርምጃዋ ረጅም። «ያላ እትዬ ማኅሌት፣ ሐፍላው ሳይሞላ» እያለች በሚኒባሶቹ መሀል እየጎተተች ወሰደችኝ። በየመንገዱ ዳር፣ በየዛፉ ጥላ ሥር የውሃ ገንቦ ከነጣሳው ተቀምጧል፤ የጠማው ሁሉ ቆሞ ይጠጣና ይሄዳል፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሞያ ማለት እንግዲህ እዚህ አገር እውነትም ሙያ ነው።

መንገድ ላይ ያገኘነውን ሐበሻ ሁሉ አቡ ሳራን ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ አስቸገርኩ። አንድም የሚያውቅ የለም። ዘይነባም ሰምታው አታውቅም። አርካዊት፣ እሷና ጓደኞቿ ለዕረፍት ቀናቸው ብለው በተከራዩት ክፍል ቁጭ ብለን፣ የምፈልገው ሰው የአማርኛ ፊደል መጻፊያ የሚሠራ ነው ስላት ብድግ አለች።

«ፊደሉንማ የሚሠሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው! ልጃቸው ሳራ አይደለች እንዴ? ያ ረቢ፣ ሱዳኖቹ ናቸው አቡ ሳራ የሚሏቸው።»

ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ያደረቅሁት ሰው ሐበሻ ሆኖ ቁጭ አለ። የዚያን ቀን ጥጋቤም እንቅልፌም ጠፋ።

ዓርብ ድልድዩን ተሻግረን ባሕሪ ገባን። ጋራዡና ብየዳ ቤቱ ሁሉ ለጁምዓ ተዘግቷል፤ በሰልፉ መጨረሻ አንድ በር ብቻ ተከፍቶ በደጁ የሴት ጫማ ተኮልኩሏል። ውስጡ አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ። ጋሽ ደምሴ ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ሬዲዮ እየጠገኑ ጀምረው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ዓርብ ዓርብ በየቤቱ የሚሠሩት የወሎ ልጆች ይመጣሉ፣ ለቤተሰብ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ማንበብ የማትችለዋን የምትችለዋ ታስተምራለች። ዘይነባ ከጎንደር የመጣሁ የኮምፒዩተር ሰው ነኝ ብላ አስተዋወቀችኝ። ማንነቴን ለመናገር አፌን ስከፍት ሥራቸውን ያሳዩኝ ጀመር፤ እኔም ፈሪ ነኝ፣ ተከተልኳቸው።

እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። በማዕቀቡ ምክንያት ከሱዳን ሆነው ሲጠይቁ በራቸውን የሚዘጉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ምንጩን እንደ እኔ ጠቅ አድርገው አያወርዱም። ፋይሉ በፍላሽ ተጭኖ በሾፌር ኪስ ከመተማ ይመጣል። መንገድ ላይ እንዳልተበላሸ ወይም ማንም እንዳልነካካው እንዴት ያውቃሉ? እያንዳንዱ ፋይል አሻራ አለው፤ ስልሳ አራት ቁጥርና ፊደል የተደረደረበት አንድ መስመር። ጋሽ ደምሴ ትክክለኛውን አሻራ በስልክ አስነብበው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ፍላሹ ሲደርስ አንዷ ልጅ ከደብተሩ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው ከስክሪኑ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ያመሳክራሉ። አንዲት ፊደል ከሳተች ፋይሉ ይጣላል። በአሻራው ውስጥ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስድስት ብቻ ናቸው። «እንግሊዝኛ የማውቀው እስከ ኤፍ ነው» አለችኝ ዘይነባ፣ በኩራት። እኔ በፈጣን ኢንተርኔት ተቀምጬ አሻራ ማመሳከሩን ለማሽን ትቼ፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም እንኳ የማልፍበት ጊዜ ነበር። ይህንን እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል።

መሞከሪያቸው ደግሞ ስም ነው። አዲስ እትም ሲገነባ ልጆቹ ተራ በተራ የእናት የአባታቸውን ስም ይጽፋሉ፤ አንድ ስም ከተበላሸ እትሙ አልደረሰም ማለት ነው። የዘይነባ አባት ጓንጉል ይባላሉ። ጻፈችልኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ባዶ ሣጥን ወጣች፣ ቀጥሎ «ንጉል»።

«ዓመት ሆነው» አለች። «ደብዳቤ በላክሁ ቁጥር አባቴ ራስ የለውም።»

ጋሽ ደምሴ ማስተካከያውን ሠርተውት ነበር። ታዲያ ለምን አይጭኑትም ብዬ ጠየቅኋቸው። ማዕከሉ አይቶ ያላጸደቀውን በሰው ማሽን ላይ አይጭኑም፤ አንድ ጊዜ ቸኩለው ጭነው የልጆቹ ደብዳቤ ሁሉ ጠፍቷል፣ ያን ቀን ማሉ። «ልከነው ነበር» ብላ አንዷ ጣልቃ ገባች፤ «ኸዋጃ ዐሥራ ሁለት ከለከለን እንጂ።» ሴቶቹ ሳቁ። ኸዋጃ እነሱ ዘንድ ፈረንጅ ነው። ዘይነባ ለእኔ ለእንግዳዋ ታሪኩን ዘረዘረችልኝ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኸዋጃ ወር ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው ብሎ የጋሽ ደምሴን ሥራ እንደመለሰባቸው፣ ጋሽ ደምሴም ያን ቀን የደብዳቤ ሣጥናቸውን ዘግተው ዳግመኛ እንዳልከፈቱት፣ ከዚያ ወዲህ ነገር ያልገባው ሰው ሁሉ በዚያ ቤት «ዐሥራ ሁለት» እንደሚባል። ጆሮዬ ጋለ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ያ ኸዋጃ እኔ ነኝ» አልኩ።

ዘይነባ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና አዩኝ።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የጎንደር።»

«የጎንደር» አሉ ዝግ ብለው። «ታዲያ ልጄ፣ ጳጉሜን የት ጥለሻት ነው?»

አለቀስኩ፤ አርባ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ በሰው ደንበኞች ፊት አለቀስኩ። ዘይነባ ናት ያዳነችኝ፤ «አብሽሪ እትዬ፣ ማልቀስ ከጀመርሽማ ኸዋጃ አይደለሽም» ስትል ሁሉም ሳቀ፣ ጋሽ ደምሴም ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር። ምሳ አቀረቡ፣ ስለ ፓኬጁ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዋሉ። ስሸኝ «ነገ ነይ» አሉኝ። ይፈርሙ አይፈርሙ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ሁለታችን ቁጭ አልን። መዝጊያው እንደቀረበ፣ ካልታደሰ ፓኬጁ ከነፊደሉ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ቁጥሩን ብቻ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጡት፣ ማሽኑ ይቀበለዋል አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

«አልለውጥም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በሰው ቋንቋ ስገዛና ስሸጥ፣ ልጄ በሰው ቋንቋ ስትጠራኝ ኖሬያለሁ። የእኔ ሆኖ የቀረኝ ቀኑ ነው።»

ልከራከር ነበር። ተውኩት። ከዚያ ነው በሥርዓታችን ውስጥ ያለች አንዲት አሃዝ ትዝ ያለችኝ፤ የእትም ቁጥር ሲዘበራረቅ ከሁሉም ፊት የምትቀመጥ። ለማሽኑ «ከዚህ ወዲያ አዲስ ቆጠራ ነው፣ ከበፊቱ ጋር አታወዳድር» ትለዋለች። አንዴ ከገባች ዘላለም አትወጣም፤ ስለዚህ ለማንም ፈቅጄ አላውቅም፣ ታስጠላኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ያላት ስም ወደ እኛ ቢመለስ «ዘመን» ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ዘመን አንድ» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «ከዚያ የእኛ ቀን ይቀጥላል?»

ይቀጥላል አልኩ። 1:2007.13.1 ብዬ ጻፍኩ። ሥራው ያለቀው ያኔ ስለሆነ ቀኑን አድሱት ብላቸው እንደማይሰሙኝ አውቄያለሁ። ወርን ከዐሥራ ሁለት በላይ የማይቀበለውን መመርመሪያም አረምኩት። የእሳቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን በሁሉ ፊት እኔው እንድጽፍ። ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር አለ፤ ስሙ ጳጉሜ ነው።» የፊርማ ቁልፋቸውን ከብሎን ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላስቲክ ከተጠቀለለ ፍላሽ አወጡና ፈረሙ።

ልንልክ ስንል መብራት ጠፋ። እኔ ፀጉሬን ልነጭ ደረስኩ። ማዶ ያለው በያጅ ዑስማን ምንም ሳይጠየቅ ገመድ እየጎተተ መጣ፣ ከጄኔሬተሩ ቀጠለልን፣ የራሱን ሥራ አቁሞ። ላመሰግነው ስነሳ «መዓሌሽ፣ መዓሌሽ» ብሎ፣ መብራቱን ያጠፋው እሱ ይመስል፣ ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ደብተሩን ሰጡኝ። የዚያን ቀን አሻራውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ስልሳ አራቱንም፣ አንድ ሳልዘል።

እሑድ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ገዳሪፍ ላይ ሐጃዋ «ሞያ?» አሉኝ፤ «አዎ» አልኩና ጠጣሁ።

ጎንደር ስደርስ ዝናቡ እዚያው ነበር፣ እኔ ስሄድ እንደተውኩት። ፓኬጁ እየተመረመረ ነው። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ፣ ከሩቅ አገር፣ «13 ያለው የጽሑፍ ስህተት ነው? እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። የድሮዋ እኔ ሥራዬን መለሰችብኝ ማለት ነው። አልተቆጣሁትም። ስለ ጳጉሜ ረጅም አድርጌ ጻፍኩለት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን፣ ልጆች በዝናቧ እንደሚታጠቡ ሳይቀር። በመዝጊያው ዋዜማ አጸደቀው።

በጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል፣ የሰፈሩ ልጆች ግቢያችን ውስጥ በዝናብ ሲጮኹ ስልኬ ላይ ከካርቱም መልእክት ገባ። ዘይነባ ከጋሽ ደምሴ ቤት፣ በአዲሱ እትም የጻፈችው ነው።

«ለኸዋጃ ዐሥራ ሦስት። አባቴ ጓንጉል ይባላል።»